የተቀዳ ንግግርን ለፕረዘንቴሽን ማስታወሻ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ

ንግግርን መገልበጥ በመቅጃ የተያዘን ድምፅ አዳምጦ በጽሑፍ ማስፈር ነው። በፍርድ ቤት፣ በምክር ቤትና በጋዜጠኝነት የቆየ ሥራ ሲሆን፣ እዚህ የሚታየው አንዱ ዘርፉ ብቻ ነው፤ አቅራቢው ልምምዱን ይቀዳና ጽሑፉን በፓወርፖይንትና በመሳሰሉት ፕሮግራሞች ከስላይዱ ሥር ላለው የተናጋሪ ማስታወሻ ያውለዋል።

ከቀረጻ በፊት ሥራው በአጭር ጽሕፈት፣ ማለትም ንግግርን በፈጣን ምልክቶች በመያዝ፣ ይሠራ ነበር፤ የአይዛክ ፒትማን ሥርዓት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቶማስ ኤዲሰን በ1878 ድምፅ ለሚቀዳውና ለሚያጫውተው መሣሪያው ለፎኖግራፉ ከዘረዘራቸው ጥቅሞች ቀዳሚው ሙዚቃ ሳይሆን ያለ ስቴኖግራፈር (የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ) ደብዳቤ ማስጻፍ ነበር። ስቴኖግራፈሮቹ ግን ከዚያም በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሥራቸው ላይ ቆይተዋል።

በሰፊው የተጻፈለት ግን ንግግርን ራሱ እየለየ የሚጽፍ ማሽን ታሪክ ነው። የአሜሪካው የስልክ ምርምር ተቋም የቤል ላቦራቶሪ መሣሪያ «ኦድሪ» በ1952 ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉ አኃዞችን ለየች፤ ያውም ተናጋሪው በየመሐሉ ቆም እያለ፣ መሣሪያዋም በእሱ ድምፅ ተስተካክላ። በ1962 አይቢኤም ለሕዝብ ያሳየው «ሹቦክስ» 16 ቃላት ያውቅ ነበር። ከ1971 ጀምሮ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ባወጣው ገንዘብ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ሃርፒ»ን ሠሩ፤ በ1976 የሚያውቃቸው ቃላት 1,011 ደርሰዋል። ቀጥሎ ከብዙ የንግግር ናሙና የቃላትን ዕድል የሚያሰሉ የስታቲስቲክስ ዘዴዎች መጡ። በ1990 ለገበያ የቀረበው «ድራጎን ዲክቴት» የተባለ ፕሮግራም አሁንም በየቃሉ መሐል ማረፍን ይጠይቅ ነበር፤ ሳይቆራረጡ መናገር የተቻለው በ1997 በወጣው ተከታዩ ነው። በ2022 የወጣው የኦፕንኤአይ ኩባንያ ገልባጭ ፕሮግራም «ዊስፐር» የተማረው ከ680,000 ሰዓት ድምፅ ነው፤ ከዚህ ሁለት ሦስተኛው ያህል እንግሊዝኛ ስለሆነ በሌሎች ቋንቋዎች ውጤቱ እኩል አይደለም።

ጥራት የሚለካው በስሕተት መጠን ነው። የተለወጡ፣ የተዘለሉና ያለቦታቸው የገቡ ቃላት ተደምረው ለትክክለኛው ጽሑፍ ቃላት ብዛት ይካፈላሉ፤ ከ100 ቃል ሦስት ቢለወጡ፣ አንድ ቢዘለል፣ አንድ ቢጨመር 5 በመቶ ይሆናል። ቁጥሩ ግን ብዙ ይሰውራል። «ሽያጩ አልጨመረም» ተብሎ «ሽያጩ ጨመረ» ቢጻፍ እንደ አንድ ስሕተት ብቻ ይቆጠራል፤ በአንጻሩ «ሥራ» በ«ስራ» ቢተካ ማንም አይጎዳም፣ ግን እሱም ያው ስሕተት ነው። ፕሮግራሞቹ ዝምታ ሲገጥማቸው ያልተባለ ዓረፍተ ነገር እስከ መጻፍም ይደርሳሉ። የሠለጠነ ገልባጭ እንዲህ አያደርግም፤ ያልሰማውን «አይሰማም» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። እርግጥ የአንድ ሰዓት ድምፅ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል ይባላል።

ለማስታወሻ ሲሆን ቃል በቃል መገልበጥ ይበቃል ወይስ ይታረም የሚለው ያከራክራል። አንዳንዶች የንግግሩ ለዛ እንዳይጠፋ ሁሉንም እንዳለ ማቆየት ይሻላል ይላሉ። ይሁንና እንግሊዝኛ ተናጋሪ በደቂቃ ከ130 እስከ 150 ቃል ይናገራል ተብሎ ስለሚገመት፣ የ10 ደቂቃ ንግግር ከ1,300 ቃል ያልፋል፤ በሌሎች ቋንቋዎች ቢያንስም መድረክ ላይ ቆሞ ያን ሁሉ ማንበብ ዓይንን ከአድማጭ ይነጥቃል። ስለዚህ «እ…» እና «ማለት ነው» ወጥተው፣ የየስላይዱ መክፈቻ ዓረፍተ ነገር፣ ስሞችና አኃዞች እንዳሉ ቀርተው፣ ሌላው በአጫጭር ሐረግ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ሲቀዱ ስላይድ በተቀየረ ቁጥር «ቀጣይ ስላይድ» ማለት ብዙ ድካም ያድናል። ሐረጉ ጽሑፉ ውስጥ ስለሚገባ፣ በፍለጋ ብቻ ጽሑፉን በየስላይዱ መክፈል ይቻላል። ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ማቅረብም ውድ ፕሮግራም ከመግዛት ይቀድማል። በኢንተርኔት የሚሠሩ አገልግሎቶች ድምፁን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስለሚልኩ፣ ምስጢራዊ ይዘት ያለው ቅጂ በራስ ኮምፒውተር ላይ በሚሠራ ፕሮግራም ወይም በሰው እጅ ይገለበጣል።