የኮምፒውተር ሲስተምስ ምህንድስና ትምህርት

የኮምፒውተር ሲስተምስ ምህንድስና በኤሌክትሪካል ምህንድስናና በኮምፒውተር ሳይንስ መካከል ያለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ማሽኑ ተሠርቶ እንደቀረበለት ቆጥሮ ይጀምራል። የዚህ ዘርፍ ተማሪ ግን የሚለፋው ኮድ ወደ ቮልቴጅ፣ ቮልቴጅም ወደ ኮድ በሚለወጥበት ቦታ ላይ ነው። ትምህርቱ እንደየአገሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል።

መጀመሪያ ላይ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፊዚክስ፣ የሰርኪዩት መግቢያና ብዙውን ጊዜ በሲ ቋንቋ የሚሰጥ ፕሮግራሚንግ ይወሰዳል። እንደ ሎጂክና ስብስብ ያሉትን የሚያጠናው ዲስክሪት ሒሳብ ጥቅሙ ቶሎ ስለማይታይ ብዙዎች ይንቁታል። ነገር ግን አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ ክሎድ ሻነን በ1937 እ.ኤ.አ. በማስተርስ ጥናቱ የዚህ ሒሳብ ክፍል የሆነው የቡል አልጀብራ (በእውነትና በሐሰት ብቻ የሚያሰላ) የሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሰርኪዩቶችን ለመንደፍ እንደሚያገለግል ካሳየ ወዲህ፣ የዲጂታል ሎጂክ ትምህርት የቆመው በዚሁ ሒሳብ ላይ ነው።

ዲጂታል ሎጂክ ከጌት (አንድ የሎጂክ ሥራ ከሚሠራ ትንሽ ሰርኪዩት) ተነስቶ በፍሊፕ ፍሎፕ (አንድ ቢት በሚይዝ ሰርኪዩት) እና በመደመሪያ ሰርኪዩት በኩል ኤፍፒጂኤ (የውስጥ ሰርኪዩቱ እንደተፈለገ የሚዋቀር ቺፕ) ላይ እስከሚጫን ትንሽ ፕሮሰሰር ይደርሳል። ንድፉ የሚጻፈው ሰርኪዩትን በጽሑፍ በሚገልጹ ቋንቋዎች፣ በቬሪሎግ ወይም በቪኤችዲኤል ነው። ፕሮግራሚንግ የለመደ ተማሪ እዚህ ይሰናከላል፤ የሚገልጸው ባንድ ጊዜ የሚሠራ ሰርኪዩት መሆኑን ረስቶ፣ በተራ የሚፈጸም ትእዛዝ የጻፈ ይመስለዋል። ክሎክ (የሰርኪዩቱን ሥራ በምት የሚያስኬድ ሲግናል) በሌለው ክፍል ውስጥ «ኢፍ» (ከሆነ) ጽፎ «ኤልስ» (ካልሆነ) ከረሳ፣ ጽሑፉን ወደ ሰርኪዩት የሚቀይረው ሲንተሲስ መሣሪያ የቀድሞውን ዋጋ የሚይዝ ላች ሳይጠየቅ ይጨምርበታል። መሣሪያው ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ግን ማስጠንቀቂያ ማን ያነባል?

የፕሮሰሰር አወቃቀር በሚጠናበት በአርክቴክቸር ኮርስ የፓይፕላይን (ትእዛዞችን ደረጃ በደረጃ አደራርቦ የማስኬጃ መንገድ) 5 ደረጃዎችና ካሽ (ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለ ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ይመጣሉ። ካሽን ለመረዳት አንድ ትልቅ ማትሪክስን መጀመሪያ በረድፍ፣ ቀጥሎ በአምድ ደምሮ ጊዜውን መለካት ይበቃል። ሲ ቋንቋ ማትሪክስን በረድፍ ያስቀምጣል፤ 64 ባይት የሆነ የካሽ መስመር (ወደ ካሽ ባንድ ጊዜ የሚመጣ ዳታ) ደግሞ 4 ባይት የሆኑ 16 ቁጥሮችን ይይዛል። በረድፍ የሄደ አሥራ ስድስቱንም ይጠቀማል፣ በአምድ የሄደ ግን አንዱን ብቻ ወስዶ ሌላ መስመር ይጠራል። የስሌቱ ብዛት እኩል ሆኖ ሳለ ጊዜው ይለያያል።

ትምህርቱ የሚፈተነው በኢምቤድድ ሲስተምስ (በመሣሪያ ውስጥ የሚገጠሙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች) ላብ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፦ አንድ በተን በተጫነ ቁጥር ቆጣሪው አንድ ይጨምር። ፑል አፕ ሬዚስተር (መስመሩን ከአዎንታዊ ቮልቴጅ ጋር የሚያያይዝ ሬዚስተር) ያልተደረገለት ፒን (የቺፑ መግቢያ እግር) ተንሳፍፎ ስለሚቀር፣ እጅ ሲጠጋው እንኳ ይቆጥራል። 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ሲገጠምለት ይረጋል፤ ሆኖም አንዱ ጭነት 4 ወይም 5 ሆኖ ይቆጠራል፣ ምክንያቱም የበተኑ ብረቶች ሲገናኙ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራሉ። ቮልቴጅን በግራፍ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ መንጠሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 20 ሚሊሰከንድ ያህል ጠብቆ ደግሞ ማንበብ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ሦስተኛው ችግር ስውር ነው፤ ቆጣሪው በኢንተራፕት (ዋናውን ሥራ አቋርጦ በሚገባ ኮድ) ውስጥ የሚለወጥ ሆኖ «ቮላታይል» (ዋጋው በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ የሚችል) ተብሎ ካልተሰየመ፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ዋናው ሉፕ ውስጥ ማንም አይነካውም ብሎ አሮጌውን ዋጋ በሬጂስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ማከማቻ) ይዞ ሊቀር ይችላል። ኮዱ ያለ ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ኮዱን የሚያፈጥንበት ማሻሻያ) ሲሠራ ውሎ፣ ኦፕቲማይዜሽን ሲበራ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክና ሲግናል ፕሮሰሲንግ ከዚህ ጎን ለጎን ይሰጣሉ።

የመመረቂያ ፕሮጀክት በቡድን ይሠራል። ጊዜው በአብዛኛው የሚባክነው የየሰዉን ሥራ በማገጣጠም ላይ ነው። የ5 ቮልት ሴንሰር በቀጥታ 3.3 ቮልት ብቻ በሚችል ፒን ላይ ይሰካና ፒኑ ይቃጠላል። ሁለት ቦርዶች በየራሳቸው ፓወር ሰፕላይ እየሠሩ ግራውንዳቸው (ቮልቴጅ የሚለካበት የዜሮ መነሻ) ካልተገናኘ፣ በሲሪያል (ቢት በቢት በሚልክ መስመር) የሚመጣው ዳታ የተበላሸ ፊደል ይሆናል፤ ቡድኑም ባልተሳሳተ ኮድ ውስጥ ስህተት ሲፈልግ ቀናት ያጠፋል። የሚያስፈልገው አንድ ሽቦ ነበር።