የራዲያተር እጥበት ምንድን ነው?

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን፣ ጎማውንና የሄደበትን ኪሎ ሜትር ነው። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። በሳምንቱ ጠዋት ላይ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩና አንገቱን በውስጥ በኩል በጣቴ ጠረግ አደረግኩት። ጣቴ ቡናማ ጭቃ ይዞ ወጣ። ውሃው የቆየ ሻይ ይመስላል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ መኪናዋ ለዓመታት ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ስትጠጣ ኖራለች።

የራዲያተር እጥበት፣ ብዙ ሰው «ፍላሽ ማድረግ» የሚለው፣ አሮጌውን ፈሳሽ ከነዝቃጩ ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ አጥቦ ማውጣትና በአዲስ መተካት ነው። ስሙ ራዲያተርን፣ ማለትም የጋለው ፈሳሽ በነፋስ የሚቀዘቅዝበትን ክፍል፣ ብቻ ይጥራ እንጂ ፈሳሹ ብዙ ቦታ ይዞራል። በሞተሩ ዋና አካል (ብሎክ) እና ከላይ በሚከድነው ቴስታታ ውስጥ ያልፋል። በውሃ ፓምፑ፣ ፈሳሹ ሲሞቅ በሚከፈተው ቴርሞስታት፣ በጎማ ቱቦዎቹና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለችው የሂተር (የመኪና ውስጥ ማሞቂያ) ትንሽ ራዲያተር በኩልም ይዞራል። ከታች ያለውን ማፍሰሻ ከፍቶ ማፍሰስና መልሶ መሙላት እጥበት አይባልም። ብሎኩ ውስጥ ያለው አሮጌ ፈሳሽ፣ ከነቆሻሻው፣ እዚያው ይቀራል።

ኩላንት ቀለም የገባበት ውሃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። በብዛት የሚሠራው ኤትሊን ግላይኮል ከሚባል ኬሚካል ነው። ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲቀላቀል እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም። የመፍላት ነጥቡም ከውሃ ከፍ ይላል፤ በክዳኑ ግፊት ታፍኖ ሲሠራ ከ120 ዲግሪም ያልፋል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው፤ በውስጡ ያለው የዝገት መከላከያ። ሞተር ውስጥ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ አንዳንዴም መዳብ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍዝፈው ይኖራሉ። መከላከያው ሲያልቅ መበላላት ይጀምራሉ። ክፋቱ፣ ያለቀበት ኩላንት በዓይን ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል።

የቧንቧ ውሃ ደግሞ የራሱን ጣጣ ያመጣል። የውሃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ሲሠራ አይታችኋል። በውሃው ውስጥ ያለ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። ያው ቅርፊት በጋለው የሞተር ግድግዳ ላይ ይጋገራል። እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነው ሙቀቱ ከብረቱ ወደ ፈሳሹ መውጣት ያቅተዋል። ከዚያ ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ መውጣት ይጀምራል። ችላ ከተባለ ቴስታታው ይጣመማል፣ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ (ጋርኒሲዮኑ) ይቃጠላል። ይህን ሁሉ በጥቂት ሊትር ፈሳሽ መከላከል እየተቻለ ሞተር ሲወርድ ማየት በእውነት ያሳዝናል።

በስንት ጊዜ ይታጠብ? የድሮው ዓይነት ኩላንት 2 ዓመት ገደማ፣ አዲሶቹ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ትክክለኛው መልስ የመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ያገለገለ መኪና ከሆነና መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ግን እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

ቤት ይሠራ ወይስ ጋራዥ? ይህን የሚወስነው፣ እንደኔ፣ መጀመሪያ የሚፈሰው ፈሳሽ ነው። ንጹሕ ወይም ትንሽ የደበዘዘ ከሆነ ቤት ይበቃል። ዝገት ከሆነም በትዕግሥት ይወጣል። ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከወጣ ወይም ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ግን እጥበቱን አቁማችሁ መካኒክ ጋ ውሰዱት። የጋርኒሲዮን ወይም የዘይት ማቀዝቀዣ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ታጥቦ አይድንም። ጋራዥ ያለው ማሽን ከቱቦዎቹ ጋር ተገጥሞ ፈሳሹን በግፊት ይገፋል፣ አንዳንዴም በተቃራኒ አቅጣጫ። ሂተሯ የተደፈነች መኪና ይህ ያስፈልጋታል።

ቤት ለሚሠራ ሰው፣ ከሁሉ በፊት ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይነካም። በግፊት የታፈነው ፈሳሽ ክዳኑ ሲላላ በቅጽበት ይፈላና ፊት ላይ ይወረወራል። ከቀዘቀዘ በኋላ ከታች ሰፊ ዕቃ አስቀምጡና አፍስሱ። ማፍሰሻውን ዘግታችሁ ንጹሕ ውሃ ሙሉ፤ የራዲያተር ማጠቢያ ካለ እንደ መመሪያው ጨምሩ። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ሙቀት ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ። ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ጠብቁ፤ የላይኛው ጎማ ቱቦ ሲግል ተከፍቷል ማለት ነው። ጥቂት ደቂቃ ይዙር፣ ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ፣ ይፍሰስ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ግን በፍጹም አትጨምሩ፤ ብሎክ ይሰነጥቃል። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይደጋገማል። የኔዋ በአራተኛው ጠራች።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሒሳብ ይመጣል። የኔ መኪና በጠቅላላው 8 ሊትር ትይዛለች። መጨረሻ ላይ የፈሰሰልኝ ውሃ ግን 5 ሊትር ነበር። 3 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። በዚያ ላይ የተዘጋጀ ግማሽ በግማሽ ኩላንት ብሞላ ድብልቁ ይቀጥን ነበር። ስለዚህ ያልተበረዘ ኩላንት ገዝቼ 4 ሊትሩን ከ1 ሊትር የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ጋር ጨመርኩ። 4 በ4 ሆነ። ለዚህም ነው የሚፈሰውን መለካት ጥሩ የሚሆነው። ዓይነቱን ደግሞ በቀለም አትምረጡ። አረንጓዴም ቀይም ከአምራች አምራች ትርጉሙ ይለያያል፤ የማይስማሙ ዓይነቶች ሲቀላቀሉ ሊረጉ ይችላሉ። መመሪያው የሚለውን ግዙ።

«አሮጌ ራዲያተር አትንካው፣ ካጠብከው ያፈሳል» የሚሉ አሉ። ውሸት አይደለም። ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘው ዝገት ሲታጠብ ማፍሰስ ይጀምራል። ግን ያ ራዲያተር ቀድሞም ተበልቷል። እኔ ቆሜ እያየሁት ቤት ቢያፈስ እመርጣለሁ፤ ረጅም መንገድ ላይ ከሚከዳኝ።

ከሞላችሁ በኋላ አየሩን አስወጡ። ማስተንፈሻ ቡሎን ካለው ክፈቱት፤ ከሌለው ክዳኑን ሳትዘጉ፣ ሂተሩ እንደተከፈተ፣ አረፋው እስኪያቆም ሞተሩ ይሥራ። የታፈነ አየር ባለበት ፈሳሽ አይደርስም፤ መርፌው ድንገት ይዘላል፣ ሂተሩም ቀዝቃዛ ይነፍሳል። በማግስቱ ጠዋት መጠኑን እንደገና እዩ፤ ጎደል ማለቱ የተለመደ ነው።

የፈሰሰው አሮጌ ኩላንት በክፍት ዕቃ አይደር። ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ውሾችና ሕፃናት ይቀምሱታል፤ ጥቂቱም ኩላሊት ያበላሻል፣ ይገድላል። ሥራው እንዳለቀ በጀሪካን ከድኑ፣ ላዩ ላይ መርዝ ብላችሁ ጻፉበት፣ ወደ ፍሳሽ ቦይ ሳትደፉ ለሚረከብ ጋራዥ አስረክቡት።