ፍሬንች ካፍ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው "ካፍሊንክ የሚገባበት ሸሚዝ ሁሉ ፍሬንች ካፍ ነው" ብሎ በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ ሰማሁ (ካፍ የእጅጌው ጫፍ ነው፤ ካፍሊንክ ደግሞ በቁልፍ ፈንታ ያን ጫፍ የሚያያይዝ ጌጥ)። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩት። ግን ጥርና ሚያዝያ በመጡ ቁጥር ይህ አባባል ስንት የሙሽራ ሸሚዝ እንዳበላሸ አይቻለሁ። መቀሱ ያለው እኔ እጅ ነውና።

ፍሬንች ካፍ ከእጥፉ ይጀምራል። የእጅጌው ጫፍ ከተራው ካፍ እጥፍ ያህል ረዝሞ ይሰፋል፤ ሲለበስ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ከዚያ ሁለቱ ጠርዞች አይደራረቡም። ውስጥ ለውስጥ ገጥመው ወደ ውጭ ይቆማሉ፤ ካፍሊንኩም በአራቱ ቀዳዳዎች ያልፋል። እንግሊዞች "ደብል ካፍ"፣ ድርብ ማለት ነው፣ የሚሉት ለዚህ ነው።

ነጠላና ጋቢን አስቡ። ነጠላ ስሙ ነጠላ ይሁን እንጂ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት ነው። ተራው ባለ ቁልፍ ካፍም ከላይና ከታች ሁለት ጨርቅ ነው፤ ፍሬንች ካፍ ሲታጠፍ አራት ይሆናል። ጥለት ስላለው ብቻ ነጠላን ጋቢ የሚል ሰው አላየሁም። ካፍሊንክ ስላለው ብቻ ሸሚዙን ፍሬንች ካፍ ማለትም እንደዚያው ነው።

"የኔ ሸሚዝ ቁልፍም አለው፣ ካፍሊንክም ይገባዋል፤ እሱስ?" የሚል አይጠፋም። እሱ ተራ ካፍ ነው። ከቁልፉ አጠገብ ተጨማሪ ቀዳዳ ስለተበሳለት በሁለቱም ይዘጋል፣ በቃ። እንዲያውም ከሁሉም ጥብቅ በሆነው የምሽት ልብስ፣ ጭራ ባለው ኮትና በነጭ ቦው ታይ (የቢራቢሮ ክራባት)፣ የደንቡ ካፍ የማይታጠፍ ነጠላ ሆኖ በካፍሊንክ ይያያዛል። ታጥፎ በቁልፍ የሚዘጋም አለ፤ ሾን ኮነሪ እ.ኤ.አ. በ1962 በመጀመሪያው የጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ የለበሰው እንደዚያ ያለ ነው። ስለዚህ ካፍሊንኩን አይታችሁ ብቻ ስም አታውጡ።

"ስሙ ምን ያደርጋል?" ለሚለኝ አንድ ነገር ልንገረው። ባለፈው አንድ ሙሽራ በሠርጉ ዋዜማ መጣ። "ጋሼ፣ ቁልፍ ይትከሉልኝ፤ ፋብሪካው ረስቶታል" አለኝ። ሸሚዙን ዘረጋሁት። ቁልፍ አልተረሳም፤ ድርብ ካፍ ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው። ካፉ ሳይታጠፍ ጣቱ ላይ ስለደረሰበት ሌላ ቦታ ወስዶ እጅጌውን አሳጥሮታል። አጠፍኩለት። ከአንጓው በላይ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቀረ! ጋቢ ተዘርግቶ ረዘመ ብሎ በመቀስ እንደመቁረጥ ነው። የተቆረጠ እጅጌ ደግሞ አይመለስም። ካፉን ሳናጥፍ በፊተኛው ቀዳዳ ብቻ ካፍሊንክ አሰርንለትና ኮቱን እንዳያወልቅ ነገርኩት። ፊቱን ሳየው አዘንኩ።

ምርጫው ራሱ ከባድ አይደለም። ለቢሮ፣ ለቃለ መጠይቅ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚውል ሰው ባለ ቁልፉ ይበቃል፤ ማንም አይታዘባችሁም። ቶክሲዶ ከሆነ ድርቡ። ሙሉ ልብስ ለብሶ ለሚያገባ ሁለቱም ያምራል፤ ግን መጀመሪያ የኮቱን እጅጌ እዩ። አሁን የሚሸጠው ኮት እጅጌው ጠባብ ነው። ጋቢ ላይ ጠባብ ካፖርት መደረብ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አራቱ ድርብ ውስጥ ገብቶ ይጨማደዳል፤ ካፍሊንኩ ገበሩን ይይዘዋል፤ እጃችሁን ባነሳችሁ ቁጥር ኮቱ ወደ ላይ ይሳባል። እንዲህ ከሆነ ባለ ቁልፉን ልበሱ። ድርቡን ካላችሁ ግን ጠርዞቹን እንደ ተራ ካፍ አታደራርቧቸው። ካፍሊንኩ ይጣመማል፣ ካፉም አንጓችሁ ላይ ይጠመጠማል።

ስትለኩ ካፉን አጥፋችሁ፣ ካፍሊንኩን አስራችሁ፣ ኮቱን ለብሳችሁ ለኩ። እጃችሁን ዝቅ ስታደርጉ ከኮቱ አንድ ወይም አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ብቅ ካለ ልክ ነው። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባልና እጅጌ ከማሳጠራችሁ በፊት ሸሚዙን አንዴ እጠቡት። ሰዓት የምታስሩበት እጅ ካፉ ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት፤ ልብስ ሰፊያችሁ ካልጠየቃችሁ እናንተው ንገሩት። ካውያውንም በጣም አታግሉት። በሙጫ የተጣበቀ ማጠንከሪያ ውስጡ ካለ ይለቅና ካፉ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ያሳብጠዋል። ያን ጊዜ ካፉን አውልቆ በሌላ ከመተካት በቀር የማደርግላችሁ ነገር የለም።