«ሃኢና ኢያ ማይ አና ካ ፑአና»፦ የሃዋይ ዘፈን ሊያልቅ ሲል የምትባለው ሐረግ

የድሮ የሃዋይ ዘፈን ጆሮ ሰጥቶ የሰማ ሰው፣ ቋንቋው ባይገባው እንኳ፣ ይህችን ሐረግ ሳያውቃት አይቀርም፦ «ሃኢና ኢያ ማይ አና ካ ፑአና»። ዘፈኑ ስለ ፏፏቴ ይሁን፣ ስለ ንጉሥ ይሁን፣ ስለ ፈረስ ወይ ስለ ፍቅረኛ፣ መጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርስ እሷ ትመጣለች። በአንድ በሁለት ዘፈን ብቻ አይደለም። በእሷ የሚዘጋው ዘፈን ተቆጥሮ አያልቅም።

እኔ ልብ ብዬ የሰማኋት ላስ ቬጋስ፣ አንድ ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚህ ከተማ የሃዋይ ሰው ብዙ ነው። ሃዋይ ስምንት ዋና ዋና ደሴቶች ስላሏት ላስ ቬጋስን «ዘጠነኛዋ ደሴት» ይሏታል። እኛም ሐበሾች እዚህ ጥቂት አይደለንም፤ ሆቴል ስትሠሩ ከእነሱ ጋር አንድ ፈረቃ ላይ መገናኘት ያለ ነው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ የልጇን አንደኛ ዓመት ልደት ስታከብር ጠራችኝ። የመጀመሪያ ልደት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው፤ የኛን የክርስትና ድግስ አስቡት። ዘመድ ከየደሴቱ በአውሮፕላን ይመጣል።

መኪናዎቹ ወጥተው ታጣፊ ወንበር ተደርድሯል። አንዱ አጎት ጊታር፣ አንዱ ኡኩሌሌ ይዟል። እንዲህ ተሰብስቦ መጫወትን «ካኒካፒላ» ይሉታል። መድረክ የለውም፤ የሚያውቅ ያዜማል፣ የማያውቅ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ትልልቆቹን ዘመድ ቢሆኑም ባይሆኑም «አንቲ» እና «አንክል» ነው የሚሏቸው፤ እኛ «እትዬ» እና «ጋሼ» እንደምንለው። አያት ደግሞ ሴትም ወንድም «ቱቱ» ናቸው።

ዘፈኑ መሀል ጊታር ያዡ ድንገት «ሃኢና!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ገባቸው። ሲያወሩ የነበሩት ወሬያቸውን ትተው አብረው ገቡ፣ ያንኑ ስንኝ ሁለቴ ደገሙት፣ አለቀ።

አጠገቤ የነበሩትን የባልደረባዬን እናት «ምን ማለት ነው?» አልኳቸው። «ዘፈኑ አለቀ ማለት ነው» አሉኝ። ከጎናቸው የተቀመጡት ቱቱ ግን አንገታቸውን ነቀነቁ። «አለቀ አይደለም የሚለው» አሉ፤ «ይነገር ነው የሚለው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ይቺ ሐረግ ከአእምሮዬ አልወጣም። ቱቱ ልክ ናቸው።

ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው። «ሃኢ» መናገር፣ ማስታወቅ ነው። «ሃኢና» ከእሱ የወጣ ነው፤ ነገራ፣ የሚነገር ነገር። «ኢያ» አድራጊውን ሳይጠራ «ይነገራል» የሚያሰኘው ቃል ነው። «ማይ» ንግግሩ ወደ እኛ፣ ወደ ተናጋሪው አቅጣጫ እንደሚመጣ ያሳያል፤ «አና» ደግሞ ነገሩ ገና በመደረግ ላይ እንዳለ። የቀረው «ካ ፑአና» ነው። ፑአና እኛ አዝማች እንደምንለው ያለ ነው፣ የዘፈኑ ፍሬ ነገር። ግን ያው ቃል የዘፈን መነሻም ማለት ነው። ማለቂያው ላይ መነሻውን ይጠራሉ ማለት ነው። ብዙ ጊዜም ከሐረጓ ቀጥሎ የሚመጣው ስንኝ ዘፈኑ የተጀመረበት ስንኝ ነው፣ አልያም የተዘፈነለት ሰው ወይም ቦታ ስም። ስለዚህ ወደ አማርኛ ስመልሰው «እነሆ አዝማቹ ይነገር» እላለሁ። «ታሪኩ አለቀ» የሚለው ትርጉም ግማሹን ጥሎት ይሄዳል።

ለኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ማታ ማታ ተረት ተነግሮት ያደገ ሰው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚለውን ያውቃል። እሱም ማለቂያ ላይ የሚባል ነው፣ ግን የሚለው ነገር «መልሱ» ነው። የሰማኸውን አንተም ንገር። የቱቱን መልስ ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነበር።

ወደ አመጣጧ ልምጣ። ሃዋይ ፊደል ከመያዙ በፊት ታሪክም ዘር ቆጠራም በቃል ነበር የሚያዘው፤ በግጥም፣ በእንጉርጉሮና «ሁላ» በሚባለው ውዝዋዜ። ለሰው የሚገጠም «ሜሌ ኢኖአ» የሚባል የስም ዘፈን አለ፤ ለአለቃ ወይም ለተወለደ ልጅ የሚሰጥ፣ እንደ ቅርስ የሚወረስ። ማለቂያው ላይ የማን እንደሆነ መጠራት አለበት፤ ያ እንደ ማኅተም ነው። ክርስትናን የተቀበለችው ንግሥት ካአሁማኑ በ1830 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሁላን በአደባባይ ከለከለች። እሱን መልሶ ፀሐይ ያሞቀው ንጉሥ ካላካኡአ ነው፣ ከ1874 እስከ 1891 የነገሠው። በ1883 የዘውድ በዓሉ ላይ ሁላ በግልጽ ተጨፈረ። በዚያው ዘመን የድሮው እንጉርጉሮ ከጊታር ጋር ተዳቀለ፤ በ1879 ከማዴይራ የመጡ ፖርቱጋሎች ካስገቧት ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያም ኡኩሌሌ ተወለደ። ከዚህ ድብልቅ የወጣው አዲስ ዓይነት ዘፈን «ሁላ ኩኢ» ይባላል፤ አጫጭር ስንኞች፣ እያንዳንዱ ሁለቴ የሚደገም፣ በመጨረሻም ሃኢና። ዛሬ የድሮ የሃዋይ ዘፈን የምንላቸው አብዛኞቹ የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። የሃዋይ ግጥም «ካኦና» የሚሉት አለው፤ ድብቅ ፍቺ። ሰምና ወርቅ ለለመደ አማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከደሴቶቹ ራሷ ሃዋይ በምትባለው ላይ ዋይፒኦ የሚባል ሸለቆ አለ፣ ሂኢላዌ የሚባል ረጅም ፏፏቴ ያለበት። ስለ እሱ የሚዘፈነው ዝነኛ ዘፈን ላይ ላዩን የተፈጥሮ ውበት ነው። ውስጡ ግን የተሸሸገ ፍቅር ነው። በሸለቆው ሁሉ የሚንጫጩት ወፎች ሐሜተኞቹ ናቸው። ፍቅረኛዋ «እኔ የተራራ ጉም ነኝ» ስትል «አትይዙኝም» ማለቷ ነው። እዚያው ላይ «የወላጆቼ ውድ ነኝ፣ የአያቶቼ የአንገት ጌጥ ነኝ» የሚል ሐሳብ አለ። ጌጡ «ሌይ» ነው፣ አንገት ላይ የሚጠለቀው የአበባ ጉንጉን፤ ሌይ ደግሞ በቅኔ ልጅ ማለት ነው። ልጅ አያቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ካያችሁ ይገባችኋል። እና ይህ ሁሉ ተሸፋፍኖ ከተነገረ በኋላ «ፍሬ ነገሩ ይነገር» ሲባል፣ ወርቁን ለሚያውቀው ሰው ሌላ ስሜት አለው።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የነካኝ በ1893 የተገጠመው ነው። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ የአሜሪካ ወታደሮች ከመርከብ ወርደው ባሉበት ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከዙፋን ወረደች። አዲሶቹ ገዢዎች የንጉሣዊውን የሙዚቃ ባንድ አባላት የታማኝነት ቃል ፈርሙ አሏቸው። እምቢ አሉ። ካልፈረማችሁ ድንጋይ ትበላላችሁ ተባሉ። ለንግሥቲቱ ቅርብ የነበረችው ኤለን ፕረንደርጋስት ይህንን ሰምታ ግጥም ገጠመችላቸው፤ የመንግሥት ገንዘብ አያስፈልገንም፣ የአገራችን ድንጋይ ይበቃናል የሚል። ዘፈኑ «የድንጋይ በላተኞች ዘፈን» እየተባለም ይጠራል። ማለቂያው ላይ ያቺው ሐረግ አለች፣ ከእሷም ቀጥሎ፦ ስለ አገራቸው ወዳዶች ይነገር። እዚህ ላይ ሃኢና የዘፈን ወግ ብቻ አይደለችም። አደራ ናት።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1896፣ የትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን በሕግ ተወሰነ። ትምህርት ቤት ውስጥ በሃዋይኛ ያወራ ልጅ ይቀጣ ነበር። ወላጆችም ልጆቻቸው እንዳይቸገሩ ብለው ቤት ውስጥ ሳይቀር ዝም አሉ። ቋንቋው ከማዕድ ሲጠፋ ዘፈኑ ውስጥ ቀረ። ከ1935 እስከ 1975 በዋይኪኪ ባሕር ዳርቻ ካለ ሆቴል የሃዋይ ዘፈን የሚያሰማ የሬዲዮ ዝግጅት ነበር፤ ቱቱ ካሊፎርኒያ የሄደች አክስታቸው ከዘፈኑ በፊት የሚሰማውን የባሕር ማዕበል ድምፅ እየሰማች ታለቅስ እንደነበር ነገሩኝ። ሃዋይኛ እንደገና የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ1978 ነው። በ1984 ካዋይ ደሴት ላይ «ፑናና ሌኦ»፣ የድምፅ ጎጆ፣ የሚባለው የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተ።

ያ ሁሉ ታሪክ ጋራዡ ውስጥ በሦስት ወንበር ተቀምጦ ነበር። ቱቱ ከአያታቸው እግር ሥር ሆነው ስለሰሙ ቃሉን ያውቁታል። ልጃቸው፣ «አለቀ ማለት ነው» ያሉኝ ሴትዮ፣ ዜማውን አንድ ፊደል ሳያጓድሉ ያወርዱታል፣ ግን ፍቺው አልደረሳቸውም። ሦስተኛዋ ከሃዋይ፣ ሂሎ ከሚባል ከተማ የመጣች የልጅ ልጅ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ የተማረችው በሃዋይኛ ነው። የባልደረባዬን እናት ዘለው ቱቱና ልጅቷ በሃዋይኛ ሲያወሩ አየሁ። እናትየው መሀል ተቀምጠው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያያሉ። ፊታቸው ላይ ደስታም ቁጭትም ነበር፤ እኔም እዚህ አገር ተወልደው አማርኛ ያልያዙ ልጆች ያሉኝ ነኝና ያንን ፊት አውቀዋለሁ።

ሊመሽ ሲል ያንን የፏፏቴውን ዘፈን ጀመሩ። ልጅቷ ተነስታ ሁላ አወረደች። «ሃኢና!» ሲባል ሁለት እጇን ከአፏ ላይ አንስታ፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ወደ እኛ ዘረጋች። የ«ይነገር» እንቅስቃሴ እሱ ነው። ከዚያ እጇን ሳታጥፍ ወደ እናትየው ዞረችና ቃሉን በእንግሊዝኛ፣ በዝግታ፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ጊታሩ እየጠበቀ ነበር። እናትየው ሳህናቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

ባለ ልደቷ ሕፃን ቱቱ አንገት ላይ ተጠምጥማ ተኝታለች። ከኋላ አንዱ «ሃና ሆው!» አለ፤ ድገሙት ማለት ነው። ከመጀመሪያው ስንኝ ጀመሩ።