እንጥል ምንድን ነው? (ቶንሲል አይደለም፤ አይወርድምም)

«እንጥሌ ዱብ አለ» ስንል ደነገጥኩ ማለታችን ነው። በዚህ ቅር አይለኝም፤ የቋንቋችን ውበት ነው። ነገር የሚበላሸው አንዲት እናት የ4 ዓመት ልጇን አቅፋ ገብታ «ዶክተር፣ እንጥሉ ወርዷል» ስትለኝ ነው።

በቀደም ደግሞ እዚህ ድሬዳዋ ከከዚራ ወደ ሳቢያን በባጃጅ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ በስልክ ሕክምና ይሰጣል። «ቶንሲል ነው እኮ! እንጥሉ ወርዶ ነው። ትርፍ ሥጋ ነች፤ አስቆርጡትና ይገላገል።» በአንድ ትንፋሽ ሦስት ስህተት። ኧረ አቦ!

ከመጀመሪያው ልነሳ። ቶንሲል ሁለት ነው፤ በጉሮሮ ግራና ቀኝ ነው ያለው። እንጥል አንድ ናት፤ መሀል ላይ፣ ከላንቃ የኋላ ለስላሳ ክፍል፣ ከትናጋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ትታያለች። መንጠልጠል ተፈጥሮዋ ነው። ታዲያ ከየት ወዴት ነው የወረደችው? ጉሮሮ ሲቆጣ፣ ሌሊቱን በአፍ ሲተነፈስና ሲንኮራፋ፣ ወይም ውሃ ሲያንስ ታብጣለች። ስታብጥ ትረዝማለች፤ ምላስ ትነካለች፤ ታስላለች፤ ታቅለሸልሻለች። እናትየዋ ያየችው ይህንን ነው። ያየችው እውነት ነው፤ የሰጠችው ስም ነው ስህተቱ።

ልጁን አፉን አስከፍቼ መብራት አበራሁና «አ በል» አልኩት። «አአአ» ሲል እንጥሉ ከነትናጋው ወደ ላይ ተሳበች። እናትየው በትከሻዬ አሻግራ ስታይ ነበር። «ውይ! ወጣች!» አለች። አዎ እህቴ፣ ቀኑን ሙሉ ስትወጣና ስትወርድ ነው የምትውለው።

ድሬ በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናትና በባቡር ላስረዳ። ጉሮሮ ሁለት ሐዲድ የሚገናኝበት ጣቢያ ነው። አንዱ ከአፍንጫ የሚመጣው የአየር፣ ሌላው ከአፍ የሚመጣው የምግብ። ስንውጥ ትናጋ ተነስቶ የአፍንጫውን መስመር ይዘጋል፤ እንጥልም አብራው ትነሳለች። ታች ደግሞ ሌላ ክዳን የአየር ቧንቧውን ይሸፍናል። ባቡሩ ተሳስቶ የገባበትን ቀን ታውቁታላችሁ፤ ሻይ አፋችሁ ውስጥ እያለ ስቃችሁ በአፍንጫችሁ የወጣበት ቀን ነው። ሐዲዱን የሚቀይረው ሠራተኛ ትናጋ ነው። እንጥል የሠራተኛው እጅ ላይ ያለች ባንዲራ ብትሆን ነው። ግን ባንዲራ ምራቅ አያመነጭም፤ እንጥል ቀጭን ምራቅ እያመነጨች ጉሮሮን ታረጥባለች። እንግዲህ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ሐዲዱን ሳተ።

አፍንጫችሁን ይዛችሁ «አባባ» በሉ፤ ምንም አይሆንም። አሁን «እማማ» በሉ። ታፈነ አይደል? ለ«ም» ትናጋ ዝቅ ብሎ አየሩን በአፍንጫ መልቀቅ አለበት፤ እናንተ ደግሞ መውጫውን ዘግታችሁበታል። የኛን «ቀ» ምላስ ከትናጋ ጋር ተጋጭቶ ያወጣዋል። የዐረብኛውና የሶማሊኛው ግን ወደ ኋላ ራቅ ብሎ እንጥል ጋ ይደርሳል። የድሮ የባቡር ሠራተኞች ፈረንሳይኛ ሲያወሩ የሚያንኮራኩሩት «ር»ም ከዚያው ሰፈር ነው። ትርፍ ሥጋ የተባለችው እንግዲህ ይህች ናት።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፣ የሙያ አመል ነው። አንዳንድ ሰው እንጥሉ ጫፏ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀች ናት። ብዙ ጊዜ ምንም ችግር የለውም። ግን ከላይ ላንቃው በስስ ሽፋን ተሸፍኖ ከውስጥ ጡንቻው ያልተጋጠመ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ከአፍንጫው ጀርባ ያለው እጢ ያለ ጥንቃቄ ከወጣለት ንግግሩ በአፍንጫ ሊሆንበት ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በፊት «አፍህን ክፈት» የምንለው ለዚህም ነው።

«ግን እኮ አስቆርጠን ድኗል» ይሉኛል። ድኗል፣ አልክድም። የልጆች የጉሮሮ ሕመም አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ በሳምንት ገደማ በራሱ ይለቃል። ምስጋናውን ምላጩ ወሰደው እንጂ ያዳነው ጊዜው ነው። ምላጩ የሚያመጣው ሌላ ነው፤ የማይቆም ደም፣ ኢንፌክሽን፣ ቴታነስ። ያው ምላጭ ከልጅ ወደ ልጅ ከዞረ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ። አዎ፣ ሐኪምም እንጥል የሚያሳጥርበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ በእንቅልፍ ትንፋሽ ለሚቋረጥባቸው አንዳንድ ሰዎች። እሱ ግን ተመርምሮ፣ በማደንዘዣ ነው።

«ቶንሲል ልብ ይመታል» የሚባለው ግን ወሬ ብቻ አይደለም። በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የልብን በሮች ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው፤ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ የልቡን ጉዳት ይከላከላል። እንጥል ቆርጦ ያንን ባክቴሪያ ያጠፋ ሰው የለም። ቁርጡ የሚያጠፋው እነዚያን 9 ቀናት ነው፤ ቤተሰብ «ታክሟል» ብሎ ይተኛላ።

ልጁ ትንፋሽ ካጠረው፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካዝረበረበ፣ ወይም እንጥሉ በድንገት ካበጠች አትጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ለሰውዬው ይህን ሁሉ ልነግረው ጉሮሮዬን ስጠርግ ባጃጁ ቆመ። ሳቢያን እንኳ አልደረስንም ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ሒሳቡን ከፈለ። ያን ቀን የወረደው እሱ ብቻ ነው።