ዕጢው ወጥቷል፣ ጉበቱ ግን ያው ነው፦ ከጉበት ካንሰር ቀዶ ጥገና በኋላ የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

የጉበት ካንሰር ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የወጣ ሰው ቤት ጠያቂ አይጠፋም። ጠያቂ ደግሞ ከብርቱካኑ ጋር ምክርም ይዞ ይመጣል። አብዛኛው ምክር ከፍቅር ነው፤ አንዳንዱ ግን ሰው ይጎዳል። እዚህ የማነሳው ከጉበቱ ከራሱ ስለሚነሳው፣ በብዛት ስለሚታየው የጉበት ካንሰር ዓይነት ነው።

«ካንሰር ቢላ ከነካው ይዛመታል»

ይሄ አባባል ስንቱን ከሕክምና አስቀርቷል! ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው ሕመሙ ከገፋ በኋላ ነው፤ ሆዱ ሲከፈት ካንሰሩ ተሰራጭቶ ይገኛል፣ ሆዱ ተመልሶ በክር ይዘጋል፣ ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ያርፋል፣ ከዚያ ገዳዩ ቢላው ነው ይባላል። የገደለው መዘግየቱ ነው። በጊዜ ለተገኘ ዕጢ፣ ጉበቱ አቅም ካለው፣ ቆርጦ ማውጣት ለመዳን ከሚያበቁት ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው።

«ዶክተሩ 5 ዓመት ነው የቀረው አለ»

አላለም። ሐኪሞች ውጤትን የሚለኩት ከ100 ታካሚ ስንቱ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አለ ብለው ነው። 5 ዓመት መለኪያ እንጂ ቀነ ገደብ አይደለም። ዕጢያቸው ትንሽ፣ ጉበታቸው ደህና ሆኖ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 5 ዓመትን ይሻገራሉ። ከ10 ዓመት በላይ የኖሩም አሉ።

«ጉበቱ ተቆርጦ እንዴት ይኖራል?»

ይኖራል። ጤነኛ ጉበት ከግማሹ በላይ ቢወጣም የቀረው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሰፋል። ሲሮሲስ ያለበት፣ ማለትም ጠባሳ የሞላው ጉበት ግን ይህ አቅሙ ደካማ ነው። ስለዚህ ነው ሐኪሙ አንዳንዱን «ቀዶ ጥገና አናደርግም» የሚለው።

«ዕጢው ወጣ፣ ተገላገልን»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ቀዶ ጥገናው ያወጣው ዕጢውን ነው። ዕጢውን ያበቀለው ጉበት ግን እዚያው አለ፤ ብዙ ጊዜ ጉበቱን ያሳመመው የሄፓታይተስ ቫይረስም፣ ጠባሳውም። ስለዚህ በ5 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተመልሶ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት የሚመጣው በአብዛኛው ከድሮው ዕጢ የተረፈ ሴል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የታመመው ጉበት ያበቀለው አዲስ ዕጢ ነው። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 ወይም በየ6 ወሩ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ የሚታዘዘው። «ደሙ ንጹሕ ነው ተብለናል» ብሎ ምስሉን መተው አይሆንም፤ ኤኤፍፒ የሚባለው የደም ምርመራ ካንሰሩ እያለም ደህና ሊመስል ይችላል።

ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው እንደ ቴኖፎቪር ያለውን መድኃኒት ቀዶ ጥገናው ስላለፈ አያቆምም። መድኃኒቱ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉን ይቀንሳል፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ደግሞ ቫይረሱን ቀስቅሶ ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ጸበል የሚሄድም ኪኒኑን ይዞ ይሂድ፣ እባካችሁ። ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ በ3 ወር ገደማ ኪኒን አብዛኛው ሰው ከቫይረሱ ይድናል። ቤተሰቡም ይመርመር። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው አልተከተበም።

«ሥጋና እንቁላል አይንካ፣ ቡናም ይቅርበት»

ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ጡንቻው እንዳይሟሽሽ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የጾም ጉዳይ ካለ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። ቡና ደግሞ፣ ደስ የሚል ዜና ነው፣ የጉበት ካንሰር ሥጋትን ከመቀነስ ጋር ተያይዞ በብዙ ጥናት ታይቷል፤ የአውሮፓ የጉበት ሐኪሞች ማኅበርም የጉበት ሕመም ላለባቸው ያበረታታል። መቅረት ያለበት አረቄው፣ ጠላው፣ ቢራው ነው። የሻገተ ለውዝና በቆሎም አይቅመስ፤ ሻጋታው ጉበትን የሚመርዝ አፍላቶክሲን ሊኖረው ይችላል። «ጉበት ያጸዳል» ተብሎ የሚጨመቀው ቅጠልም ይቅር፤ የቀረችውን ጉበት የሚጎዳ አለበት።

«ከተመለሰማ አበቃለት»

ገና ነው። በክትትል ትንሽ ሆኖ ከተገኘ ዳግም ቀዶ ጥገና ሊደረግለት፣ በመርፌ በሙቀት ሊቃጠል፣ በደም ሥሩ በኩል መድኃኒት ሊላክበት ይችላል። የጉበት ንቅለ ተከላ በሚሠራባቸው አገሮች ደግሞ ለማን ሊሠራ እንደሚችል የሚለይ፣ ከ1996 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የሚታወቅ መስፈርት አለ፦ አንድ ዕጢ ከሆነ ከ5 ሴንቲሜትር ያልበለጠ፣ ወይም እስከ 3 ዕጢዎች እያንዳንዳቸው ከ3 ሴንቲሜትር ያልበለጡ፣ ከጉበት ውጭ ያልተሰራጨና ዋና ደም ሥር ያልገባ። እንግዲህ «ተመልሷል» ስትባሉ ከማልቀሳችሁ በፊት ሐኪሙን ይህን ጠይቁ፦ ስንት ናቸው? መጠናቸውስ? የቀረው ጉበት እንዴት ነው?