ጉንፋን የያዘው ልጅ አይከተብም ያለው ማን ነው?

ደሴ ላይ፣ ያውም በክረምት፣ ንፍጡ የደረቀ ሕፃን ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ «ጉንፋኑ ይልቀቀውና አመጣዋለሁ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ትዕግሥቴ ያልቃል። ትንሽ ልጅን በዓመት ስድስት፣ ስምንት ጊዜ ጉንፋን ሊይዘው ይችላል። ታዲያ የሚጠበቀው የትኛው ቀን ነው?

ንፍጥ፣ ቀላል ሳል፣ ቀላል ተቅማጥ ወይም ከ38.5 ዲግሪ ያልበለጠ ትኩሳት ክትባት አያስቀርም። ጉንፋኑ ክትባቱን አያዳክመውም፤ ክትባቱም ጉንፋኑን አያባብሰውም። በተከተበ ማታ የሚያተኩሰው ብዙውን ጊዜ ከክትባቱ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። የኩፍኝ ክትባት ግን ከሳምንት በኋላም ሊያተኩስ ይችላል።

ከሰኞ ገበያ በኩል የምትመጣ አንዲት እናት ነበረች። ልጇ 9 ወር ሞልቶት የኩፍኝ ክትባት ሲደርስ ሳል ይዞት ነበርና ቡና ላይ ጎረቤቶቿ «ይህን የታመመ ልጅ በመርፌ ልታስወጊው?» ብለው አስቀሯት። ቀጥሎ ተቅማጥ ምክንያት ሆነ፣ ከዚያ ጥርስ። ዓመት ሲሞላው ዓይኑ ቀልቶ፣ ሰውነቱ ሽፍ ብሎ፣ የሳንባ ምች ተጨምሮበት አየሁት። ልጁ ድኗል፤ ኩፍኙ ግን ሳሉ እስኪሻለው አልጠበቀም። ጎረቤት ባይማር አይገርምም፤ ከእኛው ሙያ ውስጥ «ሲሻለው ተመለሺ» ብሎ የሚሸኘውን ግን ምን እንበለው?

ጡት መጥባት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእርሱ ሕክምናው ይቀድማል። ይህን የሚለየው መርማሪው ነው እንጂ የቡና ማኅበር አይደለም። ቀድሞ በወሰደው ክትባት ከባድ አለርጂ የታየበት ልጅም ያንኑ ክትባት አይደግምም።

«አሞክሲሲሊን እየወሰደ ነው።» ይውሰድ፤ ከክትባት ጋር ጠብ የለውም።

«ጥርስ እያበቀለ ነው።» ያብቅል።

«ከስቷል፣ አይችለውም።» ኩፍኝ የሚበረታው በምግብ እጥረት በተጎዳ ልጅ ላይ ነው፤ ቀድሞ መከተብ ያለበትም እርሱ ነው።

«ቀኑ ስላለፈው እንደ አዲስ ይጀምራል።» አይጀምርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል።

በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 እና በ15 ወር ካርዱን ይዛችሁ ኑ። ጉንፋን ካለው ለከታቢው ንገሩት፤ ቤት ሆናችሁ አትወስኑ። ተከትቦ ካተኮሰው ጡት ቶሎ ቶሎ ስጡት፣ ልብሱን አቅልሉለት፤ በጋቢ ላይ ጋቢ አትደርቡበት። ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ ወይም መጥባት እምቢ ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ መልሳችሁ አምጡት።